ሉዊ ብሬይልና ስድስቱ ነጥቦች

ማንበብና መጻፍ ለሚቸግረው ልጅ የጽሕፈት መሣሪያ በሚፈለግበት ጊዜ መራጩ አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ወይም መምህር ነው፤ ልጁ ግን ወይ አይጠየቅም፣ ወይም የሚጠየቀው ከሁሉ በኋላ ነው። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለመረዳት የፈረንሳዊውን የሉዊ ብሬይልን ሕይወት መመልከት ይበቃል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊ ብሬይል ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ ኩቭሬ በምትባል መንደር ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ልጓምና ኮርቻ የሚሠራ የቆዳ ባለሙያ ነበረ። ሕፃኑ በሦስት ዓመቱ በአባቱ መሥሪያ ክፍል ውስጥ በሹል መሣሪያ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋው፤ ቁስሉም ወደ ሁለተኛው ዓይን ስለ ተዛመተ አምስት ዓመት ሲሆነው ፈጽሞ ማየት ተሳነው። ወላጆቹ ግን ከቤት አላስቀሩትም። ከመንደሩ ልጆች ጋራ ተቀምጦ በጆሮው ብቻ ይማር ነበር። በ1819 ዓ.ም. ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ፤ ዕድሜውም ገና አሥር ዓመት ነበረ።

ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው ቫላንታን አዩኢ የተባለ ደግ ሰው ነው። እሱም የተለመደውን የላቲን ፊደል በወፍራም ወረቀት ላይ ጐላ አድርጎ በማተም ልጆቹ በጣታቸው እየዳሰሱ እንዲያነቡ አደረገ። ሐሳቡ መልካም ሳለ መሣሪያው ግን ለዓይን እንጂ ለጣት የተመረጠ አልነበረም። መጻሕፍቱ ግዙፍና ከባድ ነበሩ፤ ንባቡም እጅግ የዘገየ ነበር። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ልጆቹ የራሳቸውን ሐሳብ በዚያ ፊደል ለመጻፍ አለመቻላቸው ነበር።

በ1821 ዓ.ም. ሻርል ባርቢዬ የተባለ የቀድሞ የመድፈኛ መኰንን በነጥብ የሚጻፍ ዘዴ ወደ ትምህርት ቤቱ አመጣ። ዘዴው እስከ አሥራ ሁለት ነጥብ የሚደርስ ነበረና በአንድ ጣት ጫፍ ሊዳሰስ አልቻለም፤ ደግሞም ድምፅን እንጂ የቃሉን ትክክለኛ አጻጻፍ አይገልጽም ነበር። ብሬይል የነጥቡን ጥቅምም ጉድለቱንም በገዛ ጣቱ ዐወቀ። ስለዚህ ነጥቦቹን ወደ ስድስት አወረዳቸው። ከስድስቱ ነጥቦች 63 ልዩ ልዩ ምልክቶች ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም ከአንድ ጣት ጫፍ አያልፍም። ይህን ሥራ በ1824 ዓ.ም. ሲፈጽም የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ነበረ። በ1829 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍም የባርቢዬን ውለታ መስክሯል።

ብሬይል በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በፓሪስ ቤተ ክርስቲያንም ኦርጋን ይመታ ነበር። ሆኖም በ1840 ዓ.ም. የተሾመው ዲሬክተር ዱፎ፣ ዓይነ ስውራን ከሚያዩ ሰዎች የተለየ ፊደል ቢይዙ ከሕዝቡ ይለያሉ በማለት ነጥቡን ከለከለ። ልጆቹ ግን በስውር መጻጻፋቸውን አልተዉም። ብሬይልም የዲሬክተሩን ስጋት ከንቱ ነው ብሎ አልናቀውም። አስቀድሞ በ1839 ዓ.ም. የላቲንን ፊደል በነጥብ እየሣሉ ለሚያዩ ሰዎች ደብዳቤ የሚጻፍበትን ዘዴ አሳትሞ ነበር። በዚያው ትምህርት ቤት የተማረው ዓይነ ስውሩ ፍራንስዋ ፉኮ ደግሞ በ1841 ዓ.ም. ይህን የሚጽፍ መኪና ሠራ። ከእናቱ ርቆ የሚኖር ዓይነ ስውር ልጅ ጸሐፊ ሳይለምን ደብዳቤ ሊልክላት የሚችልበት መንገድ በዚህ ተከፈተ። በ1844 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርት ቤት ሕንጻ ሲመረቅ የስድስቱ ነጥቦች ጥቅም በእንግዶች ፊት ታየና ፊደሉ ወደ ክብሩ ተመለሰ።

ብሬይል በሳምባ ነቀርሳ ሲሠቃይ ኖሮ ጃንዋሪ 6 ቀን 1852 ዓ.ም. በአርባ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ። ፊደሉ በይፋ ተቀባይነት ያገኘው እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. ዐፅሙ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች ወደሚቀበሩበት ወደ ፓንቴዎን ሲፈልስ፣ የእጆቹ ዐፅም ግን በኩቭሬ ቀረ። ዛሬ አማርኛችንም በእነዚሁ ነጥቦች ይጻፋል፤ የፊደላችን ድምፅ በተነባቢና በአናባቢ ምልክት ተከፍሎ ይቀመጣል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በዘመናችን ዓይኑ ደኅና ሆኖ ሳለ ፊደል የሚምታታበት፣ ወይም እጁ እርሳስ አልታዘዝ የሚለው ልጅ በየክፍሉ አለ። ለእንዲህ ያለው ልጅ በቁልፍ የሚጻፍበት ኮምፒዩተር፣ የተናገረውን ወደ ጽሕፈት የሚለውጥ፣ የተጻፈውንም ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብለት መሣሪያ ተሠርቷል። ከነዚህ የትኛው ይሻላል የሚለውን ጥያቄ ዋጋውና መልኩ አይመልሱትም። መሣሪያው ለልጁ ይሰጠው፤ ጥቂት ሳምንት በገዛ ሥራው ላይ ይሞክረው፤ ድካሙ ቀንሶ ሐሳቡ በዝቶ እንደ ሆነ ይታይ። አዩኢ ለልጆቹ መልካም አስቦ ነበር፤ ትክክለኛውን ፊደል ያገኘው ግን የተማሪው ጣት ነው።