ሐዲስ ዓለማየሁ፦ ከደብረ ወርቅ ጉባኤ ቤት እስከ ትምህርት ሚኒስትርነት

በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በጎዛምን የተወለዱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክህነት ነው። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወሩ ተምረዋል። በቅኔ ቤት ተማሪ የመምህሩን ቃል ሸምድዶ ብቻ አይወጣም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል። የቀድሞውን ትምህርት ቃል በቃል ማጥናት ብቻ አድርገው የሚያዩ ይህን የዘነጉት ይመስላል።

ወጣቱ ሐዲስ ወደ አዲስ አበባ ተሻግረው በስዊድን ሚስዮንና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤቶች ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ። ከዚያም ወደ ጎጃም ተመልሰው በዳንግላ የጉምሩክ ጸሐፊ፣ በደብረ ማርቆስ ደግሞ መምህር ሆኑ። በዚያ ዘመን አዲሱ ትምህርት ልጆችን ከሃይማኖታቸው ያወጣል የሚል ሥጋት በብዙ ወላጆች ዘንድ ነበር። ከዚያው ከጉባኤ ቤት የወጣ መምህር ግን እንደ ባዕድ ላይታይ ይችላል።

የፋሺስት ወረራ ሥራውን አቋረጠው። በልዑል ራስ እምሩ ሥር ዘምተው ተማረኩ፤ በኢጣሊያም ለሰባት ዓመት ገደማ ታሰሩ።

በ1948 ዓ.ም. «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም ለአጭር ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። በ1958 ዓ.ም. ለንባብ በበቃው «ፍቅር እስከ መቃብር» የባላባቷን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ያቆሙት በዛብህን፣ የቤተ ክህነቱን ተማሪ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. ዐርፈዋል።