አባ ማይክል ማክጊቭኒ እና የአንድ ዶላር መዋጮ

በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ አባሎቻችን ለትምህርት የሚሆን ነገር ሲያካፍሉን ቆይተዋል። እኔም ዘንድሮ በበኩሌ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዤ ቀርቤአለሁ። ሰውዬው የአገራችን ሰው አይደሉም፤ ከሞቱም ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ይሁን እንጂ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ጥያቄ እኛም በየወሩ ስንሰበሰብ የምናነሣው ነው። ይኸውም የቤቱ ራስ ሲሞት፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ፣ ያ ቤት በምን ይኖራል የሚለው ነው። በጽሑፌ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ማይክል ማክጊቭኒ የተወለዱት ኦገስት 12 ቀን 1852 በአሜሪካ፣ ኮነቲከት በተባለው ክፍለ ግዛት፣ ዎተርበሪ በምትባል የፋብሪካ ከተማ ነው። ወላጆቻቸው ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። በዚያን ዘመን አየርላንድን ጽኑ ረኀብ መትቷት፣ ሕዝቧ በመርከብ እየተጫነ ወደ አሜሪካ ይጎርፍ ነበር። አባትዬው በናስ ፋብሪካ ውስጥ የቀለጠውን ናስ ቅርጽ በማስያዝ ሥራ ቤታቸውን ያስተዳድሩ ነበር። ከተወለዱት 13 ልጆች ስድስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ። የሁሉም ታላቅ የነበሩት ማይክል በ13 ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው ፋብሪካ ገቡ፤ ሥራቸውም ማንኪያ በሚመረትበት ክፍል ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የክህነት ትምህርት ለመከታተል ወደ ካናዳ ተላኩ።

በ1873 ገና በትምህርት ላይ ሳሉ የአባታቸው መርዶ ደረሳቸው። ከሞንትሪያል ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ያገኟት እናት ገና ያልደረሱ ልጆች በእጇ የቀሩባት ባል የሞተባት ሴት ነበረች። የዚያን ጊዜ ትምህርታቸው ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። ኋላ በጳጳሱ ርዳታ ባልቲሞር ከተማ ገብተው ትምህርታቸውን ፈጸሙና ዲሴምበር 22 ቀን 1877 በ25 ዓመታቸው ቅስና ተቀበሉ። እንግዲህ አባ ማክጊቭኒ የአባት ሞት በአንድ ቤት ላይ የሚያደርሰውን ከመጽሐፍ አላነበቡትም፤ በገዛ ቤታቸው አይተውታል። ወደ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል።

የመጀመሪያ ምድባቸው በኒው ሄቨን ከተማ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በሀብታሞች ሰፈር የተሠራ ሲሆን ምእመናኑ ግን አብዛኞቹ የአየርላንድ ድኾች ነበሩ፤ የሕንፃውም ዕዳ ገና አልተከፈለም። ወንዶቹ በፋብሪካና በባቡር ሐዲድ ላይ ይሠራሉ። በማሽን የሚቆረጠው፣ በሳንባ በሽታ የሚወድቀው ብዙ ነው። የጡረታ ሕግ የለም፤ ለሟች ቤተ ሰብ መንግሥት የሚከፍለው ነገር የለም። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ቢኖሩም ሠራተኛውን በአደገኛ ሥራው ምክንያት አይቀበሉትም፣ ወይም የማይችለውን ዋጋ ይጠይቁታል። ለአባሎቻቸው ቤተ ሰብ ገንዘብ የሚሰጡ ምሥጢራዊ ማኅበራትም ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ግን ምእመናኗን ወደ እነዚያ እንዳይገቡ ከልክላ ነበር። መከልከሉ ቀላል ነው፤ በምትኩ ምን ይደረግ የሚለው ነው አስቸጋሪው።

ነገሩን ያባሰው በከተማው ዳውንስ የሚባል ቤተ ሰብ ላይ የደረሰው ነው። አባትየው ጋዜጣ ነጋዴ ነበሩ፤ ሲሞቱ ለቤተ ሰቡ ዕዳ እንጂ ጥሪት አልቀረም። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ መሠረት ልጆቹ የሚያሳድጋቸውና ዋስ የሚሆንላቸው ሰው ካልተገኘ ከእናታቸው ተለይተው ወደ መንግሥት ማሳደጊያ ይገባሉ። ለሌሎቹ ልጆች ዘመድ ተገኘ። አልፍሬድ ለተባለው ልጅ የተጠየቀው ዋስትና ግን 2 ሺህ 5 መቶ ዶላር ስለ ነበረ ማን ይድፈረው። በፌብሩዋሪ ወር 1882 ፍርድ ቤት ውስጥ ሞግዚት እኔ እሆናለሁ ብለው የቆሙት አባ ማክጊቭኒ ናቸው። የዋስትናውን ገንዘብ ደግሞ አንድ ባለ ሱቅ ተፈራረመላቸው። ልጁም ከቤተ ሰቡ ሳይለይ ቀረ።

አንድ ቄስ ለአንድ ልጅ ዋስ ሊሆን ይችላል። ለሁሉም ልጅ ግን አይችልም። አባ ማክጊቭኒ ይህን ቀድመው ተረድተው ስለ ነበር፣ ከዚያ በፊት ወደ ቦስተን ሄደው በዚያ የነበረውን የካቶሊኮች መረዳጃ ማኅበር አሠራር አጥንተው ነበር። የማኅበሩ ቅርንጫፍ ለመሆን ቢፈልጉም ደንቡ ከክፍለ ግዛቱ ውጭ አይፈቅድም ተባሉ። ስለዚህ የራሳቸውን ማኅበር ለማቋቋም ቆረጡ። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1882 ከጥቂት ምእመናን ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰብስበው ማኅበሩን መሠረቱ፤ ማርች 29 ቀንም የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕጋዊ ሰውነት ሰጠው። ስሙም ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ ተባለ፤ የኮሎምበስ ፈረሰኞች ማለት ነው። ስደተኞቹ አሜሪካን ያገኘው ካቶሊክ ነውና እኛም በዚህ አገር እንግዳ አይደለንም ለማለት የመረጡት ስም ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የአባ ማክጊቭኒ ሒሳብ በጣት የሚቆጠር ቀላል ነበር። አንድ አባል ሲሞት እያንዳንዱ አባል አንድ ዶላር ያዋጣል፤ ለሚስቱና ለልጆቹም እስከ 1 ሺህ ዶላር ይሰጣል። የአባላቱ ቁጥር ከአንድ ሺህ ካለፈ መዋጮው በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ለምሳሌ ሁለት ሺህ ከሆኑ ሃምሳ ሃምሳ ሳንቲም ይበቃል ማለት ነው። ለታመመ አባል ደግሞ በሳምንት እስከ 5 ዶላር ለ13 ሳምንት ይከፈላል፤ ከዚያ በላይ ሕመሙ ከጸናበት የራሱ ቅርንጫፍ መክሮ የሚገባውን ይወስንለታል። የቀን ሠራተኛ ውሎ ከአንድ ዶላር ተኩል ብዙም በማይርቅበት ዘመን አንድ ሺህ ዶላር ቤት የሚያቆም ገንዘብ ነበር።

ዘዴው ግን የእሳቸው ፈጠራ አልነበረም። በ1868 በፔንሲልቫንያ፣ ሚድቪል በተባለ ከተማ፣ ጆን አፕቸርች የሚባል የባቡር ወርክሾፕ መካኒክ ባቋቋመው የሠራተኞች ማኅበር የአንድ ዶላሩን መዋጮ አስጀምሮ፣ ነገሩ በአሜሪካ ተዛምቶ ነበር። ስደተኛውም ሁሉ በየቋንቋው ይህንኑ ይሠራ ነበር። በዚያው በፔንሲልቫንያ፣ ሄዝልተን በምትባል ከተማ፣ በ1886 አሥራ ሦስት የሀንጋሪ ተወላጅ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ለሟችና ለታማሚ መረዳጃ የሚሆን ማኅበር አቋቁመው፣ በአገራቸው ፖለቲከኛ ስም ቬርሆቫይ ብለው ጠሩት። ጉድጓድ ሲናድ ቀባሪና ደጋፊ ካልተደራጀ፣ የሩቅ አገር ሰው ማን አለው!

በአስተዳደሩ ረገድ አባ ማክጊቭኒ ያደረጉት ነገር ለእኛም ትምህርት የሚሆን ይመስለኛል። መሥራቹ እሳቸው ናቸው፤ ቄስም ናቸው፤ ልምራ ቢሉ የሚከለክላቸው አልነበረም። እሳቸው ግን የሊቀ መንበርነቱን ቦታ አልወሰዱም። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የተዋጋ ጄምስ ሙለን የተባለ ምእመን የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ፤ አባ ማክጊቭኒ በጸሐፊነት ተቀመጡ። ገንዘቡ የአባላቱ ከሆነ ሹመቱም የአባላቱ ይሁን ማለታቸው ነው። በየከተማው ያለው ቅርንጫፍ የራሱን ሹማምንት ይመርጣል፤ ለበላዩ ምክር ቤትም ተወካይ ይልካል። እሳቸውም ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ለየደብሩ ቄስ ጉዳዩን ሲያስረዱ፣ የሚጠይቀውን ሲመልሱ ይውሉ ነበር።

ሥራው ግን አልጋ በአልጋ አልሆነላቸውም። በመጀመሪያው ዓመት ማኅበሩ ከኒው ሄቨን ሊወጣ አልቻለም። አንዳንድ ካህናት በጥርጣሬ አዩት፤ በጋዜጣ ላይም የሚነቅፈው ተገኘ። አባላቱ ጥቂት በሆኑ ቁጥር መዋጮው ስለሚያንስ፣ ሦስት መቶ ሰው ቢሆን ሦስት መቶ ዶላር ብቻ ነውና፣ ሰዉ ለመግባት ያመነታ ነበር። ሁለተኛው ቅርንጫፍ የተከፈተው በ1883 ሜሪደን በተባለች ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ከተሞች ተከተሉ።

በ1884 አባ ማክጊቭኒ ቶማስተን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወሩ። ጸሐፊነቱን ለሌላ አስረክበው የማኅበሩ የነፍስ አባት ሆነው ቀጠሉ። ማኅበሩ እሳቸው ከሒሳብ መዝገቡ ቢርቁም አልቆመም፤ እንዲያውም በረታ። በ1890 መጀመሪያ ላይ በዓለም ሁሉ በተዛመተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ታመው፣ ሕመሙ ወደ ሳንባ ተዛውሮባቸው ኦገስት 14 ቀን 1890 ዐረፉ። ዕድሜያቸው ገና 38 ዓመት ከሁለት ቀን ነበር። በትውልድ ከተማቸው ተቀበሩ፤ ማኅበሩ መቶ ዓመት ሲሞላው በ1982 ዐፅማቸው ፈልሶ ማኅበሩ በተመሠረተበት በኒው ሄቨኑ ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ። ሲሞቱ 57 ቅርንጫፎችና ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ አባላት ነበሩት። ዛሬ ወደ 2 ሚሊዮን አባላት አሉት፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ2020 አባ ማክጊቭኒን ብፁዕ ብላቸዋለች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ያ የአንድ ዶላር ሒሳብ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ የዚህ ጽሑፌም ዋና ቁም ነገር ይህ ስለሆነ እባካችሁ ልብ በሉልኝ።

መዋጮው ለሁሉም እኩል ነበር፤ የሃያ ዓመቱ ጎረምሳና የአርባ አምስት ዓመቱ አባወራ ያው አንድ ዶላር ይከፍላሉ። እኩልነቱ ለዓይን ፍትሕ ይመስላል። እስቲ አንድ ሺህ አባላት ባሉበት ማኅበር በዓመት አሥር ሰው ይሞታል እንበል። በሃያ ዓመቱ ገብቶ እስከ ስድሳ የኖረ ሰው በአርባ ዓመት ውስጥ 4 መቶ ዶላር ያዋጣል። በአርባ አምስቱ ገብቶ በስድሳ የሞተ ግን 1 መቶ 50 ዶላር ብቻ ያዋጣል። ለሁለቱም ቤተ ሰብ የሚሰጠው ያው አንድ ሺህ ነው። ማኅበሩ ወጣት ሳለ ይህ አይታወቅም፣ ሟች ጥቂት ነውና። ዓመታት ሲያልፉ አባላቱ ያረጃሉ፣ ሟች ይበዛል፣ መዋጮው ይደጋገማል። የዚያን ጊዜ ወጣቱ ሒሳቡን አይቶ ይሸሻል፤ ወጣት ሲሸሽ በቀሩት ሽማግሌዎች ላይ ሸክሙ ይብሳል። በአሜሪካ በዚህ አሠራር የተቋቋሙ ብዙ ማኅበራት በዚሁ ምክንያት ፈርሰዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን የከፈሉ ሽማግሌዎችም ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። ማንም ገንዘቡን አልሰረቀባቸውም፤ ደንቡ ራሱ ነው የበላቸው።

የአባ ማክጊቭኒ ማኅበር ከዚህ አደጋ የዳነው ተተኪዎቹ ደፍረው የመሥራቹን ደንብ ስለለወጡ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት መዋጮው በዕድሜ እንዲመደብና መጠባበቂያ ገንዘብ እንዲቀመጥ አደረጉ። የሀንጋሪዎቹም ማኅበር ኖሮ በ1955 ከሌላ የወገኖቻቸው ማኅበር ጋር ተዋሕዶ ዊልያም ፔን የሚል ስም ያዘ። መሥራችን ማክበር ማለት ያወጡትን ቁጥር እንደ ታቦት ተሸክሞ መኖር አይደለም። ያሰቡለትን ቤተ ሰብ አለመርሳት ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልመለስ። እኛም ሁላችን እኩል ነው የምንከፍለው። ባለፉት አባቶቻችን ዘመን የተተከለው ድንኳን፣ ወንበሩና ሰሐኑ፣ በባንክ ያለውም ገንዘብ በብዙ ዓመት መዋጮ የተጠራቀመ ስለሆነ፣ አዲስ ገቢ የመግቢያ ይከፍላል። ይህ ተገቢ ነው፤ ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሌላው ባዋጣው ላይ ብቻ እንዳይቀመጥ የሚያደርግ ብልሃት ነው። ግን መግቢያው ለሃያ አምስት ዓመቱ አዲስ ሙሽራና ለስድሳ ዓመቱ አዲስ ገቢ እኩል የሆነው ለምንድን ነው? ወጣቱ ገና ብዙ ዓመት ይከፍላል፤ መግቢያው ግን ከደጅ ይመልሰዋል። በየስብሰባው ወጣቶች እድር አይወዱም እያልን እናማርራለን። እነሱ የሚያስቡት ግን የኪሳቸውን ነው።

ስለዚህ የመግቢያው ክፍያ በዕድሜ እንዲመደብ፣ ይኸውም ለወጣት ዝቅ ብሎ ዕድሜ ሲጨምር ከፍ እንዲል፣ የሥራ አመራር ኮሚቴው አጥንቶ ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲያቀርብ በትሕትና አሳስባለሁ። የአባሎቻችን የዕድሜ ዝርዝርም ከሒሳብ ሪፖርቱ ጋር በየዓመቱ ቢነበብልን መልካም ነው። በካዝና ያለውን ብር ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ ነገ ማን እንደሚቀብረንም ማወቅ አለብን። ለሞቱት አባሎቻችን ዕረፍተ ነፍስን፣ ለቀረነው ጤናን ይስጥልን።