ሄንሪ ቤንስ ጆንስና የመጀመሪያው የነቀርሳ ምልክት

የነቀርሳ የላቦራቶሪ ምርመራ ታሪክ በሚነሣበት ጊዜ ሁሉ የእንግሊዛዊው ሐኪም የሄንሪ ቤንስ ጆንስ ስም በቅድሚያ ይጠቀሳል። ቤንስ ጆንስ በ1810ዎቹ ዓመታት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰፎክ ተወለዱ። በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ሕክምናን በለንደን ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ቀሰሙ፤ በ1841ም ወደ ጊሰን ተሻግረው ከዩስቱስ ሊቢግ ዘንድ ኬሚስትሪን አጠኑ።

በኖቬምበር 1845 ዶክተር ዊልያም ማኪንታየርና ዶክተር ቶማስ ዋትሰን አጥንቱ የሚታመም የአንድ የለንደን ነጋዴ ሽንት እንዲመረመር ላኩላቸው። ናይትሪክ አሲድ ሲጨመርበት የሚዘቅጠው ነገር ሲሞቅ ይሟሟል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሶ ይረጋል። ቤንስ ጆንስ በሽተኛው በየቀኑ 67 ግራም ያህል ከዚህ ፕሮቲን እንደሚያጣ አሰሉ። ሰውየው ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 1846 ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር አጥንቶቹ ለስልሰው ተገኙ፤ ኩላሊቶቹ ግን ጤነኛ ይመስሉ ነበር።

ቤንስ ጆንስ ግኝታቸውን በ1847 እና በ1848 አሳተሙ፤ ተመሳሳይ የአጥንት ሕመም ባለባቸው ሌሎች ሰዎች ዘንድም ይኸው ነገር እንዲፈለግ አሳሰቡ። ለፕሮቲኑ የሰጡት የኬሚስትሪ ስም አልጸናም፤ ምንነቱን ኤደልማንና ጋሊ በ1962 የፀረ እንግዳ አካል ቀላል ሰንሰለት መሆኑን በማሳየት አረጋገጡ። ያስተዋሉት ምልክት ግን እስከ ዛሬ ያገለግላል። ቤንስ ጆንስ ከ1860 ጀምሮ የሮያል ኢንስቲትዩሽን ጸሐፊ ሆነው ሠሩ፤ የወዳጃቸውን የማይክል ፋራዴይን ሕይወት ጽፈው በ1870 አሳተሙ፤ በ1873ም ለንደን ላይ አረፉ።

የእርሳቸው መንገድ ዘግይቶ ወደ ጉበት ነቀርሳም ደረሰ። አቤሌቭ በ1963 የጉበት ዕጢ ባለባቸው አይጦች ደም ውስጥ አልፋ ፌቶፕሮቲንን አገኘ፤ በተከታዩ ዓመት ታታሪኖቭ በሰው ላይ አሳየው። ከቀዶ ሕክምና በፊት መጠኑ እጅግ ከፍ ያለ እንደሆነ በሽታው የመመለሱ ሥጋት ይበዛል፤ ዕጢው ከወጣ በኋላ ወደ ጤነኛው መጠን ካልወረደም የቀረ ነቀርሳ መኖሩን ያስጠረጥራል። ሆኖም ይህን ፕሮቲን የማያመነጩ የጉበት ዕጢዎች ብዙዎች ናቸው። ስለሆነም የላቦራቶሪው ቁጥር ከዕጢው ስፋት፣ ከደም ሥሮቹ መወረርና ከቀሪው ጉበት ብርታት ጋር ተገናዝቦ ካልተነበበ የሕሙሙን ዕድሜ አይተነብይም። ቤንስ ጆንስም የፈተና ብልቃጡን ከሕሙሙ አልጋና ከአስከሬን ምርመራው ሳይነጥሉ በመመልከታቸው ለዛሬው ሐኪም አርአያነታቸው አላረጀም።