ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፦ ከጽዳት ሠራተኛነት እስከ ልደታ የበረራ ትምህርት ቤት

ከካዛንቺስ ቢሮው ወጥቶ በቂርቆስ በኩል ወደ ኦልድ ኤርፖርት የሚያቀና የመንግሥት ሠራተኛ የሰፈሩን ስም በየዕለቱ ይጠራዋል። የስሙ መነሻ የሆነው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ግን አፍሪካ አሜሪካዊው አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ያሠለጠኑበት ሥፍራ መሆኑ እምብዛም አይነሳም።

ሮቢንሰን በፍሎሪዳ ተወልደው በሚሲሲፒ ግዛት ጋልፍፖርት ከተማ አደጉ። በተስኪጊ ተቋም የተማሩት የአውቶሞቢል መካኒክነት ሲሆን፣ ቺካጎ ገብተው ጋራዥ ከፈቱ። ይሁንና ምኞታቸው በረራ ነበር።

ዛሬ አንድ ጀማሪ በቅድሚያ የሚያወጣ የሚያወርደው የትኛውን ፈቃድ እንደሚይዝ ነው። በዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ የግል አብራሪ ፈቃድ 17 ዓመት ዕድሜና ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ በጸደቀ ሥልጠና ሰዓቱ ወደ 35 ዝቅ ይላል። ባለፈቃዱ ግን ክፍያ ተቀብሎ ማብረር አይችልም። በበረራ ለመተዳደር የሚሻ ሰው የንግድ አብራሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይህም 18 ዓመት ዕድሜና 200 ሰዓት፣ በጸደቀ የተቀናጀ ሥልጠና ደግሞ 150 ሰዓት ነው።

በአሜሪካ የግልና የንግድ በረራ ፈቃዶች በሮቢንሰን ዘመንም የተለያዩ ነበሩ። ለእርሳቸው ግን ከምርጫው በፊት በሩ ራሱ ዝግ ነበር። የቺካጎው ከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጥቁሮችን ስለማይቀበል በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው ትምህርቱን ከዳር ሆነው ተከታተሉ። ከጓደኞቻቸው ጋር አውሮፕላን ገጣጥመው ካሳዩ በኋላ በተማሪነት ተመዘገቡ፤ ቆይተውም በዚያው ትምህርት ቤት የጥቁር ተማሪዎች መምህር ሆኑ። ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋርም የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ማብረርና መጠገንን አጣምረው መያዛቸው ኋላ በኢትዮጵያ እጅግ ጠቅሟቸዋል፤ መለዋወጫ በሌለበት አገር መሪ መጨበጥ ብቻ አይበቃምና።

በ1927 ዓ.ም በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት ወደ አዲስ አበባ መጡ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አየር ኃይል የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂትና መሣሪያ ያልታጠቁ ሲሆኑ፣ ሮቢንሰን እንዲመሩት ተሾሙ። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም አድዋን ስትደበድብ በሥፍራው ነበሩ። በጦርነቱ ወራት መልዕክትና ቁሳቁስ ወደ ግንባር ሲያደርሱ ከጠላት አውሮፕላኖች የሚያመልጡት ተራራና ደመናን ተገን እያደረጉ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ቺካጎ በታላቅ አቀባበል ተቀበለቻቸው።

ከድል በኋላ በ1936 ዓ.ም ከጥቂት የሙያ አጋሮቻቸው ጋር ተመልሰው በልደታ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ19 ተማሪዎች የተጀመረው ትምህርት ቤት በ1938 ዓ.ም የተማሪዎቹ ቁጥር 75 ደርሷል። ሥልጠናው ለስዊድናውያን ተላልፎ ወደ ቢሾፍቱ ሲዛወር፣ ሮቢንሰን ከስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር በመጋጨታቸው ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። አገሪቱን ግን አልለቀቁም።

መጋቢት 1946 ዓ.ም ሲያበሩት የነበረው አነስተኛ አውሮፕላን በአዲስ አበባ ተከስክሶ አብሯቸው የነበረው ጣሊያናዊ ሕይወቱ አለፈ። እርሳቸውም በጽኑ ተቃጥለው ከቀናት በኋላ አረፉ። መቃብራቸው በጉለሌ ይገኛል።