መንገዱ ሲዘጋ፦ የኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወትና የቀና ልቦና ትምህርት



በዕለታዊ ኑሮአችን ቀና አስተሳሰብ ያስፈልገናል ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። ይሁን እንጂ ቀና አስተሳሰብ ምን እንደ ሆነ ብዙዎቻችን በትክክል አልተረዳነውም። አንዳንዱ ችግርን እንዳላዩ ሆኖ ማለፍ ይመስለዋል። ሌላው ሆዱ እያለቀሰ ፊቱን ማሳቅ አድርጎ ይወስደዋል። እንዲህ ያለው ቀናነት ግን መከራ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ጤዛ ይረግፋል። ስለዚህ በቃል ከመከራከር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት እንመልከት። እኚህ ሰው ወደ ትውልድ ሀገራቸው የሚወስደው መንገድ ሁለት ጊዜ የተዘጋባቸው፣ ሀገራቸው ከገቡም በኋላ እንዳይሰብኩ የተከለከሉት ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ባርነት

በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደ። ስሙም ሂካ ተባለ። ይህ የኦሮምኛ ቃል ከመፍታት ጋር የተያያዘ ነው። በአማርኛችን እስረኛ ይፈታል፣ ሕልምም ይፈታል እንደምንለው ሁሉ፣ በኦሮምኛም ያው ቃል የታሰረን መፍታትንም መተርጎምንም ያመለክታል። ልጁ ካደገ በኋላ ሥራው ምን እንደሚሆን ስሙ አስቀድሞ የተናገረ ይመስላል። ነገር ግን ስሙ ፍቺ ከማግኘቱ በፊት ራሱ ልጁ ታሰረ።

ሂካ ገና አራት ዓመቱ ሳለ አባቱ ሞቱ። በ1869 ደግሞ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። ከዚያ በኋላ እንደ ዕቃ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጠ በስምንት ጌቶች እጅ አለፈ። ከምዕራብ ኢትዮጵያ ተነሥቶ ቀይ ባሕር ዳር እስከምትገኘው እስከ ምጽዋ ድረስ ተወሰደ። በ1870 በምጽዋ የነበረው ቬርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣው፤ በእምኩሉ ለነበሩት ለስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ሰዎችም እንዲያስተምሩት ሰጠው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አንዳንድ ሰዎች ቀና ለማሰብ ሲሉ ባርነቱ ለበጎ ሆነ ይላሉ። እንዲህ ማለት አይገባንም። ልጅን ከእናቱ ነጥቆ መሸጥ ክፉ ሥራ ነበር፤ መጨረሻው ስላማረም ክፋቱ አይለወጥም። ቀና ልቦና ክፉውን ክፉ ብሎ መጥራት አይፈራም።

ትምህርትና አዲስ ስም

ልጁ በእምኩሉ ትምህርት ቤት በትጋት ተማረ። መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በፋሲካ ዕለት፣ ተጠመቀ፤ ኦነሲሞስ የሚለውንም ስም ያዘ። ይህ ስም በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ተብሎ በፊልሞና መልእክት ውስጥ የምናገኘው የዚያ ባሪያ ስም ነው። በግሪክኛ ትርጉሙ ጠቃሚ ማለት ነው። ቀድሞ ሌሎች ዋጋ ይተምኑለት የነበረው ልጅ አሁን ለሌሎች የሚጠቅም ሰው ለመሆን ተነሣ።

ሚሲዮኑ ኦነሲሞስን ወደ ስዊድን ላካቸው። በዮሐነሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሱ፤ ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴትም አገቡ። የተማሩና የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ ሰው ስለ ነበሩ በወደቡ ከተማ በጸጥታ ሊኖሩ ይችሉ ነበር። ልባቸው ግን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ወገኖቻቸው አዘነበለ። ወንጌልንም ትምህርትንም በገዛ ቋንቋቸው ሊያደርሱላቸው ፈለጉ።

የመጀመሪያው መንገድ ተዘጋ

በዚያን ዘመን ሚሲዮናውያን ወደ መሀል ሀገር መግባት አይፈቀድላቸውም ነበር። ስለዚህ ኦነሲሞስና ጓደኞቻቸው በሱዳን በኩል ዞረው ወለጋ ለመግባት ተነሡ። ጉዞው ረጅምና አድካሚ ነበር። ወንበዴና በሽታ መንገደኞቹን አስጨነቃቸው። ቢሆንም እስከ አሶሳ ደረሱ፤ ወለጋ በር ላይ ቆሙ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ግን ማለፍ አልተቻለም። ወደ ኋላ ተመለሱ። ኦነሲሞስ በንዳድ ታመው በሚያዝያ ወር 1882 ካርቱም ገቡ። ሱዳንም በማህዲ ዐመፅ እየታመሰች ስለ ነበረ እዚያ መቆየት አልቻሉም፤ እንደ ገና ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

ከደጃፍ ደርሶ መመለስ ምን ያህል እንደሚመር እያንዳንዳችን የምናውቀው ነው። እኚህ ሰው በዚያን ጊዜ ምን አደረጉ? በልባቸው ያለፈውን ሁሉ ልንናገር አንችልም፤ እጃቸው የሠራውን ግን እናውቃለን። እምኩሉ እንደ ተመለሱ መንፈሳዊ መዝሙሮችን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመሩ። እግራቸው ሊደርስበት ወዳልቻለው ሀገር የሚሄድ ቃል ማዘጋጀት ያዙ።

ሁለተኛው መንገድም ተዘጋ

በ1886 ሌላ ሙከራ ተደረገ። ይህኛው ጉዞ በሸዋ በኩል ነበር። መንገደኞቹ እንጦጦ ደርሰው በንጉሥ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። ነገር ግን ወደ ወለጋ ማለፍ ሳይፈቀድላቸው ቀረ። ያን ሁሉ መንገድ እንደ ገና ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ።

አንድ ጊዜ ያልተሳካለት ሰው ዕድል ነው ይላል። ሁለተኛ ጊዜ ሳይሳካለት ሲቀር ግን ለእኔ አልተጻፈም ብሎ እጁን ሊያጣጥፍ ይቃጣዋል። ኦነሲሞስ ከእንጦጦ መልስ የያዙት ሥራ ከፊተኛው የበለጠ ነበር። አዲስ ኪዳንን ተርጉመው በ1893 እንዲታተም አደረጉ። ቀጥሎም ብሉይ ኪዳንን ለመተርጎም ተነሡ።

ቃል ሲያጥር

በዚህ ጊዜ ከመንገድ መዘጋት የባሰ ችግር አጋጠማቸው። ከሀገራቸው የወጡት ገና በልጅነታቸው ስለ ነበረ የሚያውቁት ኦሮምኛ የልጅ ኦሮምኛ ነበር። የሽማግሌዎች አነጋገር፣ የእርሻና የከብት፣ የፍርድና የለቅሶ ቃላት፣ ተረትና ምሳሌ በብዙ ጎደሏቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በእነዚህ ሁሉ የተሞላ ነው። በውጭ ሀገር የተማሩ ሰው ቃል አነሰኝ ብለው ለማመን ምን ያህል እንደሚከብዳቸው አስቡት።

ኦነሲሞስ ግን ጉድለታቸውን አልሸሸጉም፤ የሚሞላላቸውን ሰው ተቀበሉ። ያቺ ሰው አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። እርሷም እንደ እርሳቸው ለባርነት ተሸጣ ነበር፤ በ1886 ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ ነፃ ወጥታ ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት መጣች። የቋንቋ ስጦታዋ ድንቅ ነበር። የሀገሯን ዘፈን፣ ተረት፣ ምሳሌና እንቆቅልሽ በአእምሮዋ ይዛ መጥታለች። አምስት መቶ ያህሉን ሰብስባ ጻፈች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የኦሮምኛ መማሪያ ውስጥ ገቡ። ለትርጉሙም ሥራ የቃላት ጎተራ ሆነች።

በመጨረሻ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ተተረጎመ። ኦነሲሞስ የኅትመቱን ሥራ ለመቆጣጠር ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። በባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በቅድስት ክሪሾና በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ሁለት ከባርነት የወጡ ሰዎች ከሀገራቸው ርቀው፣ በባሕር ዳር ሐሩር ውስጥ ተቀምጠው፣ ለሕዝባቸው በገዛ ቋንቋው የሚያነበውን መጽሐፍ አዘጋጁለት። መንገዱ ባይዘጋ ኖሮ መጽሐፉ አይተረጎምም ነበር ለማለት አንደፍርም። መንገዱ ተዘግቶ በቆየበት ዘመን ግን ሥራው እንዳልተዘጋ እናያለን።

ሀገር መግባትና ሦስተኛው ፈተና

በ1904 ኦነሲሞስ ወለጋ ገቡ። ተነጥቀው ከሄዱ 35 ዓመት፣ በሱዳን በኩል ለመግባት ከሞከሩም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። በመጀመሪያ በነጆ፣ ቀጥሎም በነቀምት ተቀመጡ። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በፊተኛ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። ሕዝቡም በሚያውቀው ቋንቋ ሲሰበክለት ሰማ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በአካባቢው ከነበሩት ካህናት ጋር ክርክር ተነሣ፤ ክስም ቀረበባቸው። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው ከወለጋ እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለወጡት። ኦነሲሞስ ወደ ነቀምት ይመለሱ፣ ነገር ግን አይስበኩ ተባለ።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ያለፈውን ጠብ ለመቀስቀስ አይደለም። ዛሬ የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ልጆች በአንድ መንደር፣ በአንድ ክፍል፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት አብረን እንኖራለን። የምናነሣው ኦነሲሞስ ያደረጉትን ለማየት ነው። ሰባኪ ስበከት ሲከለከል ምን ይቀረዋል? እርሳቸው ያልተከለከለውን ፈለጉ፤ ትምህርት ቤት አልተከለከለም ነበር። ስለዚህ በነቀምት ማስተማሩን ቀጠሉ። እንደ ገና ልንሰደድ እንችላለን የሚለው ስጋት ሳይለያቸው ዐሥር ዓመት ያህል ልጆችን ፊደል አስቆጠሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ማስተማሩንም መስበኩንም፣ መጻሕፍቱንም ማደሉን ቀጠሉ። ሰኔ 21 ቀን 1931 እሑድ ዕለት ለመስበክ በመሄድ ላይ ሳሉ አረፉ። ሕዝቡ አባ ገመቺስ ብሎ ይጠራቸው ነበር። ገመቺስ ማለት በኦሮምኛ ደስ አሰኝ ማለት ነው። ያን ያህል የሚያሳዝን ነገር የደረሰባቸው ሰው እንዲህ ባለ ስም መታወሳቸው ትልቅ ነገር ነው።

እኛስ ምን እንማራለን?

አንደኛ፦ ቀና ልቦና የተዘጋውን በር ክፍት ነው ብሎ ራስን ማታለል አይደለም። ኦነሲሞስ ከአሶሳም ከእንጦጦም ተመልሰዋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት ያልመጣለት ወንድማችን አዝኖ ቢያለቅስ እምነቱ ደከመ አንበለው። ማዘን ከተስፋ መቁረጥ ይለያል። ከጎኑ እንቀመጥ፤ ምክሩ ኋላ ይደርሳል።

ሁለተኛ፦ በሩ ሲዘጋ ጥያቄውን እንለውጥ። ለምን በእኔ ላይ ደረሰ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። ዛሬ ከዚህ ከተቀመጥሁበት ምን ልሠራ እችላለሁ የሚለው ግን ሁልጊዜ መልስ አለው፤ ትንሽም ቢሆን። ተመርቃ ሥራ ያጣች እኅታችን በሰፈሯ ያሉትን ልጆች ንባብ ልታስተምር ትችላለች። የታመመች እናቱን ለማስታመም ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ በቀን አንድ ገጽ ሊያነብ ይችላል። መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ የተተረጎመው አንድ ቃል አንድ ቃል እየተባለ ነው።

ሦስተኛ፦ ጉድለታችንን አንሸሽግ። ብዙ ጊዜ ተስፋ የሚያስቆርጠን ጉድለቱ ሳይሆን ብቻችንን ልንሞላው መሞከራችን ነው። ኦነሲሞስ ከእርሳቸው በዕድሜ የምታንስ፣ በትምህርትም ያልበለጠቻቸውን ሴት እርዳታ ተቀበሉ። እኛም ከታናሽ ወንድማችን ሒሳብ፣ ከጎረቤታችን ሙያ መማር ውርደት አይምሰለን።

አራተኛ፦ መዘግየትን ከመቅረት እንለይ። በችኮላ ዘመን እንኖራለን፤ በአንድ ዓመት ያልሆነው ሁሉ የቀረ ይመስለናል። ኦነሲሞስ ሀገራቸው ሲገቡ ወጣት አልነበሩም። ባዶ እጃቸውን ግን አልገቡም፤ በመጠበቂያው ዘመን የሠሩትን ይዘው ገቡ። ሁላችንም እንደ እርሳቸው የፈለግነው ቦታ እንደርሳለን ብሎ ቃል የሚገባልን የለም። ስንጠብቅ የሠራነው መልካም ሥራ ግን ብንደርስም ባንደርስም ለሰው ይተርፋል።

ለቡድን ውይይት፦

1. በአሁኑ ጊዜ የተዘጋብህ ወይም የተዘጋብሽ መንገድ የትኛው ነው? በዚህ ሳምንት ከዚሁ ከተቀመጥንበት ልንጀምረው የምንችለው አንድ ትንሽ ሥራ ምንድን ነው?

2. በጉባኤያችን ውስጥ ያዘነ ሰው ሲኖር አይዞህ ብለን ቶሎ ከማለፍ ይልቅ ምን ልናደርግለት እንችላለን?

3. እንደ አስቴር ጋኖ ስጦታ ያላቸው፣ እኛ ግን ልብ ያላልናቸው ወጣቶች በመካከላችን እነማን ናቸው?

እግዚአብሔር በተዘጋው በር ፊት የሚሠራ እጅና የማይመርር ልብ ይስጠን። አሜን።