ቪክቶር ሄስና ከሰማይ የሚወርደው ጨረር

ሰባታሚትን ጨምሮ የባሕር ዳር አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ እዚህ የሚቀመጥ የጨረር መቁጠሪያ ከሰማይ የሚወርደውን ጨረር ከወደብ ከተማ ይልቅ አብዝቶ ይቆጥራል። ይህን ጨረር ያገኙት ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪክቶር ሄስ ናቸው።

ሄስ በ1883 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተወልደው፣ በግራዝ ተምረው፣ በ1910 በቪየና የራዲየም ምርምር ተቋም ሥራ ጀመሩ። በዚያን ዘመን በአየር ውስጥ የሚለካው ጨረር ከምድር ብቻ እንደሚመነጭ ይታመን ነበር። ሄስ ግን ፊኛ ከመሳፈራቸው አስቀድሞ፣ የራዲየም ጨረር አየርን ሰንጥቆ ምን ያህል እንደሚዘልቅ በታወቀ ምንጭ ለኩ፤ መለኪያዎቻቸውም የከፍታውን የግፊት ለውጥ እንዲችሉ ተደርገው ተሠሩ። ለእኛ ለመሐንዲሶች ከበረራው ይልቅ ይህ ዝግጅት ትልቁ ምዕራፍ ይመስለኛል።

በሚያዝያ ወር 1912 በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ በረሩ፤ ጨረሩ ስላልቀነሰ ምንጩ ፀሐይ ናት ለማለት አልተቻለም። በዚያው ዓመት በነሐሴ 7 ቀን ሦስት መለኪያዎች ይዘው እስከ 5,350 ሜትር ወጡ። ጨረሩ መጀመሪያ ጥቂት ቢቀንስም፣ ከላይ የምድሩን እጥፍ ያህል ሆነ።

በ1936 የኖቤልን ሽልማት ከካርል አንደርሰን ጋር ተካፈሉ። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ከሥራቸው ተባረሩና ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በዚያም በ1964 አረፉ።

ኒውትሪኖ አልባ የሆነውን ድርብ የቤታ ብተና የሚፈልጉ ተመራማሪዎች፣ በኢጣሊያ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር፣ 1,400 ሜትር ከሚሆን አለት በታች የተሸሸጉት ሄስ ካገኙት ጨረር ለማምለጥ ነው። አለቱም በበኩሉ ዩራኒየምና ቶሪየም አለበትና መመርመሪያውን ከእርሱ ደግሞ መከለል አስፈልጓል፤ ትክክለኛነቱንም፣ ሄስ በቪየና እንዳደረጉት፣ በታወቀ የጨረር ምንጭ እየደጋገሙ ያረጋግጣሉ።