ኤሚሊ ዱ ሻትሌ፡- በቮልቴር ዝና የተሸፈነችው ፈላስፋ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ለፍልስፍናና ለተፈጥሮ ሳይንስ ዕድገት ጉልህ አስተዋፅኦ ካበረከቱ ሴቶች መካከል ፈረንሳዊቷ ኤሚሊ ዱ ሻትሌ በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች። ይሁንና ለረጅም ዘመን ስትታወስ የቆየችው በምርምር ሥራዎቿ ሳይሆን የዕውቁ ጸሐፊ የቮልቴር ወዳጅ በመሆኗ ነበር።

ኤሚሊ እ.ኤ.አ. በ1706 በፓሪስ ከተማ ተወለደች። አባቷ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት የውጭ አምባሳደሮችን ተቀብለው ለንጉሡ የሚያቀርቡ ሹም ነበሩ። በ18 ዓመቷ ለአንድ የጦር መኮንን ተድራ 3 ልጆች የወለደች ሲሆን፣ ከፍተኛ ሒሳብን በጥልቀት ማጥናት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

የባለቤቷ ርስት በነበረው የገጠር መኖሪያ ከቮልቴር ጋር ለዓመታት በጥናት ቆይታለች። በ1738 ስለ ኒውተን ፍልስፍና የታተመው መጽሐፍ የወጣው በቮልቴር ስም ቢሆንም፣ የእርሷን እገዛ ጸሐፊው ራሱ በመግቢያው አልሸሸገም።

ለልጇ ማስተማሪያ ብላ ያዘጋጀችው የፊዚክስ መሠረቶችን የሚመለከት መጽሐፍ በ1740 ያለ ስሟ ታተመ። የኒውተን ተከታዮች መላምትን በሚያጣጥሉበት በዚያን ጊዜ፣ መላምት ለሳይንስ አስፈላጊ መሆኑን፣ ነገር ግን አንድ ተቃራኒ ሙከራ ብቻ ውድቅ ሊያደርገው እንደሚበቃ አስረድታለች። የሚንቀሳቀስ አካል ኃይል የሚለካው በፍጥነቱ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚለውን የሌይብኒዝ አቋምም ደግፋ ተከራክራለች። ለዚህም ፍጥነቱ በእጥፍ የጨመረ ኳስ በሸክላ ጭቃ ላይ 4 እጥፍ ጉድጓድ እንደሚፈጥር ያሳየውን ሙከራ በማስረጃነት አቅርባለች።

መጽሐፉ እንደወጣ ቀድሞ ያስተማራት አንድ የሒሳብ ሊቅ ሥራው የእኔ ትምህርት ቅጂ ነው የሚል ወሬ አስነዛ። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ዋና ጸሐፊም በጽሑፍ ነቀፏት። እርሷ ግን በ1741 በታተመ ምላሽ ነጥብ በነጥብ ሞገተቻቸው። ያ አካዳሚ ሴትን በሙሉ አባልነት የመረጠው በ1979 ሲሆን፣ የቦሎኛው አካዳሚ ግን ኤሚሊን በ1746 ተቀብሏታል። በታዋቂው የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፔዲያ ከመጽሐፏ የተወሰዱ በርካታ አንቀጾች ይገኛሉ፤ በአንዳንዶቹ ስሟ ሲጠቀስ በሌሎቹ ተዘልሏል።

የመጨረሻው ሥራዋ የኒውተንን ዐቢይ መጽሐፍ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ መተርጎምና በሰፊ ማብራሪያ ማስደገፍ ነበር። በ42 ዓመቷ ስታረግዝ ከወሊዱ እንደማትተርፍ በመስጋት ሌሊቱን ጭምር ትሠራ ነበር። ረቂቁን ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት በአደራ ካስረከበች በኋላ፣ በወለደች በቀናት ውስጥ መስከረም ወር 1749 ላይ አረፈች። ሙሉው ትርጉም በ1759 ሲታተም ስሟ በርዕስ ገጹ ላይ ሰፍሯል።